ይድረስ ለሄንግሎዋ መም

ይድረስ በምሥራቅ ሆላንድ፣ በሄንግሎ ከተማ፣ በፋኒ ብላንከርስ ኩን ስታዲየም ውስጥ ለተነጠፍሽው የመሮጫ መም።

   የምጽፍልሽ ከደብረ ታቦር ነው፤ ሙያዬ የስፖርት መምህርነት ነው። በአካል ተያይተን አናውቅም። ያለሽበት አገር ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ከባሕሩም ብዙ ከፍ አይልም ይባላል። የእኛ ከተማ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀና ስንል ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ አለ። ያም ሆኖ ስምሽን እዚህ የማያውቅ ሯጭ የለም። ሄንግሎ ከተማ መሆኗን እንኳ የማያውቁ ተማሪዎች አሉኝ፤ ለእነሱ ሄንግሎ የሰዓት ስም ነው።

በአገራችን ሯጭ ይመሰገናል፣ አሠልጣኝ አልፎ አልፎ ይመሰገናል፣ ማናጀር ይታማል። የተሮጠበትን መሬት ግን ማንም አያነሳም። እኔ ላንሳ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ከግንቦት ልጀምር፤ ውለታሽ ያለው እዚያ ነው። እናንተ ሜይም በሉት ጁን፣ በእኛ አቆጣጠር ቀኖቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ግንቦት ላይ ይወድቃሉ፤ ስለዚህ በእኛው ዘመን ብጽፋቸው አትቀየሚኝ። በዚህ ወር እዚህ ገበሬው መሬቱን ደጋግሞ አርሶ ሰማይ ሰማዩን ያያል። አንቺ ዘንድ ግን ቀኑ ረዝሞ፣ ሙቀቱ ገና ሳይከብድ፣ ለረጅም ርቀት የሚመች ሰዓት የሚገኝበት ወቅት ነው። በእናት ስታዲየምሽ ስም የሚጠራው ዓመታዊ ውድድርም የሚካሄደው በዚሁ ሰሞን ነው።

ግንቦት 27 ቀን 1986 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መጣብሽ። 21 ዓመቱ ነበር። 5,000 ሜትሩን በ12 ደቂቃ ከ56.96 ሰከንድ ጨረሰ። ሞሮኳዊው ሰይድ አዊታ በ1979 ዓ.ም. ሮም ላይ ያስመዘገበው 12 ደቂቃ ከ58.39 ለሰባት ዓመት ያህል የነካው አልነበረም። ከአሰላ የመጣው ልጅ በሕይወቱ የመጀመሪያውን የዓለም ክብረ ወሰን ያገኘው አንቺ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ስንቱን እንደሰበረ እኛም እናውቃለን፣ አንቺም ታውቂያለሽ፤ የመጀመሪያው ግን የመጀመሪያ ነው።

በዓመቱ፣ ግንቦት 28 ቀን 1987፣ ተመለሰ። አሁን በ10,000 ሜትር ነው፤ 26 ደቂቃ ከ43.53። ኬንያዊው ዊልያም ሲጌ ይዞት የነበረው 26 ደቂቃ ከ52.23 ነው። ልዩነቱን ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ነው የማስረዳቸው። ኃይሌ ወደ ዘጠኝ ሰከንድ ነው የቆረጠለት። ሲጌ በራሱ ምርጥ ሰዓት አብሮት እየሮጠ ቢሆን ኖሮ፣ ኃይሌ መስመሩን ሲያልፍ ገና 54 ሜትር ያህል ይቀረው ነበር። ይህን ስነግራቸው ከክፍሉ በር እስከ ሰንደቅ ዓላማው ድረስ በዓይናቸው ይለካሉ።

በ1989 የሁለት ማይሉን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ 8 ደቂቃ ከ1.08 ሮጦ ክብረ ወሰኑን ወሰደ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ኬንያዊው ዳንኤል ኮመን ከ8 ደቂቃ በታች ገብቶ ነጠቀው። ትልቁ ግንቦት 24 ቀን 1990 ነው። ፖል ቴርጋት የዓመት ዕድሜ እንኳ ያልሞላው 26 ደቂቃ ከ27.85 ይዞ ነበር። ኃይሌ 26 ደቂቃ ከ22.75 ገባ። ለ25 ዙር ሲካፈል እያንዳንዱ ዙር 63 ሰከንድ ከ3 ነው። የእኔ ልጆች አንዱን ዙር በ63 ሰከንድ ሲሮጡ ተንበርክከው ነው የሚያስታውኩት። እሱ ሃያ አምስት ጊዜ አደረገው።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 23 ቀን 1996፣ ቀነኒሳ በቀለ መጣብሽ። ዕድሜውን ስሚ፤ 21። የኃይሌ የመጀመሪያው ጊዜ ዕድሜ ነው። ርቀቱም ያው 5,000 ነው። 12 ደቂቃ ከ37.35 ገባና ኃይሌ ሄልሲንኪ ላይ ያስመዘገበውን 12 ደቂቃ ከ39.36 አሮጌ አደረገው። በስምንተኛው ቀን፣ ሰኔ 1፣ ቼክ አገር ኦስትራቫ ሄዶ በ26 ደቂቃ ከ20.31 አንቺ ላይ የተመዘገበውን የኃይሌን 10,000 ሜትር ክብረ ወሰንም ወሰደ። ኃይሌን ያነገሥሽው አንቺ፣ ሻሪውንም ያሳየሽን አንቺ። የቀነኒሳ 5,000 ሜትር ከ16 ዓመት በላይ ቆየ፤ ነሐሴ 2012 ላይ ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ሞናኮ ላይ ሲያወርደው የቀነሰለት ሁለት ሰከንድ አይሞላም።

እንግዲህ ሰዓት ብቻ ስታወራኝ ዋልክ እንዳትይኝ፣ ስለ ቅርፅሽም ላንሳ፤ ሥራዬ ነውና።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የግጦሽ ሜዳ አለ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ከልጆቼ ጋር እዚያ አንቺን እንሠራሻለን። ሁለት ችካል በ84 ሜትር ከ39 ሳንቲ ሜትር ርቀት እንተክላለን። ከእያንዳንዱ ችካል ላይ 36 ሜትር ከ50 የሆነ ገመድ አስረን፣ አንዱ ልጅ ጫፉን ወጥሮ ግማሽ ክብ ይዞራል፣ ሌላው በቆርቆሮ ኖራ እየበተነ ይከተለዋል። ከዚያ ሁለቱን ግማሽ ክቦች በቀጥታ መስመር እናገናኛለን። ሯጩ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ እንደሚሮጥ ታስቦ ሲደመር፣ ሁለቱ መታጠፊያዎች 231 ሜትር ከ22፣ ሁለቱ ቀጥታዎች 168 ሜትር ከ78፤ ድምሩ ልክ 400። ይህ ሒሳብ የመጀመሪያ ጊዜ የገባው ልጅ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር ብታይ ደስ ይልሽ ነበር። ገመዱ ግን ከረጠበ ርዝመቱ ይለዋወጣል፣ ስለዚህ ጤዛው ሳይረግፍ አንለካም። ኖራው አሥራ አምስት ቀን አይቆይም፤ ከብት ይረግጠዋል፣ አህያ ይንከባለልበታል። ሽማግሎች ሲያልፉ ቆም ብለው ያዩንና "መምህር፣ ልጆቹን እንደ በሬ አውድማ አስገባሃቸው?" ይሉኛል። አልዋሽም፣ ከሩቅ ሲታይ ያንኑ ነው የሚመስለው።

ከሞላላ መሮጫዎች ሁሉ ዓለም ይበልጥ የሚያውቀው ግን የመኪናውን ነው። በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ያለው አንድ ዙሩ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየዓመቱ በዚያው በግንቦት መኪኖች 200 ጊዜ ይዞሩታል፣ እንደኛው ወደ ግራ እየታጠፉ። የዚያን ቦታ የአንድ ዙር ክብረ ወሰን ማን እንደያዘው ሳውቅ ስቄያለሁ፤ የአንቺው አገር ልጅ አሪ ሎይንዳይክ ነው። ግንቦት 1988 ላይ በማጣሪያ 37.895 ሰከንድ ዞረው፣ በሰዓት 382 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ዋናውን ውድድርም በ1982 እና በ1989 አሸንፏል። የእናንተ ልጅ በአሜሪካኖቹ ሞላላ፣ የእኛ ልጆች በእናንተ ሞላላ። ልዩነቱ፣ እሱ ኃይለኛ ሞተር ነበረው።

ወደ ሜዳችን ልመለስና፣ አንቺን በኖራ የማሰምረው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ልጅ በአስፋልት ዳር ይሮጣል። ከደብረ ታቦር ወደ ጋሳይ፣ ወደ ክምር ድንጋይ የሚወስደው መንገድ ላይ ጎህ ሲቀድ ብትወጪ የሯጭ ዘር ነው የምታዪው። ዳገት አለ፣ ቁልቁለት አለ፣ ጭነት መኪና አለ። ማን ጎበዝ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ ግን አያስታውቅም። ልኩን የሚያውቀው ስንት ሜትር እንደሆነች በምትታወቅ መሬት ላይ ሲዞር ነው። በሁለተኛው መስመር ላይ ሆኖ መሮጥ በአንድ ዙር 7 ሜትር ያህል እንደሚያስጨምር፣ በ25 ዙር ወደ 175 ሜትር እንደሚደርስ፣ መታጠፊያ ላይ መቅደም ዕዳ እንደሆነ አስፋልት አያስተምርም።

ልኩንም ቢሆን የእኛ ከፍታ ያዛባዋል። እዚህ አየሩ ሳስቷል፤ ሯጭ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነፃፀር ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ሰውነት ይለምደዋል፣ ደሙም ይበረታል፤ ጥቅሙ የሚታየው ግን ወደ ታች ሲወረድ ነው። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ሲወስድ ሰዓቱ 29 ደቂቃ ከ27 ነበር፤ ማሞ ወልዴ ከኋላው ሰከንድ እንኳ ሳይርቅ ብሩን ወሰደ። በዚያን ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን 27 ደቂቃ ከ39 ነበር። ሁለት ደቂቃ ሊሞላ የቀረበው ልዩነት የእነዚያ ሰዎች ስንፍና አልነበረም፤ አየሩ ነው የበላው። የእኔም ልጆች ሰዓታቸውን ስነግራቸው ወዲያው የሚያስከትሉት ጥያቄ አንድ ነው። "ቲቸር፣ በሄንግሎ ቢሆንስ?"

ለዚህ ነው አገሬ የራሷን ማጣሪያ በተደጋጋሚ አንቺ ዘንድ ያደረገችው። አልማዝ አያና በ2008 ሰኔ በሕይወቷ የመጀመሪያውን 10,000 ሜትር የሮጠችው በአንቺ ላይ በተደረገው የኦሊምፒክ ማጣሪያ ነው፤ 30 ደቂቃ ከ07 ገባች። ሁለተኛውን ሪዮ ላይ ነሐሴ 6 ሮጠችና ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ ከ1985 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የያዘችውን ክብረ ወሰን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰባበረችው። ሰው ሪዮን ያስታውሳል፤ እኔ ያችን የሰኔዋን ምሽትሽን አመሰግናለሁ። አልማዝ ርቀቱን የቀመሰችው እዚያ ነበር።

ምስጋናዬ ግን ቅር ያለው ምስጋና ነው፤ ብደብቅሽ ደብዳቤው ደብዳቤ አይሆንም። የሯጭ አገር ተብለን ማጣሪያችንን በሰው አገር መሮጣችን ያሳፍረኛል። ከፍታውን እንደ ምክንያት ማንሳት ግማሽ እውነት አለው፤ ሚኒማ፣ ማለትም ለትልቅ ውድድር የሚያበቃው ሰዓት፣ የሚሟላው ፈጣን ሰዓት በሚገኝበት ነው። ሌላው ግማሽ ግን በየአካባቢው ደረጃውን የጠበቀ መም ማጣት ነው፤ ያንን ከፍታ አላመጣውም። ማጣሪያው ባሕር ማዶ ሲሆን ደግሞ ፓስፖርትና ቪዛ ከእግር ቀድመው ይሮጣሉ። ይህ የአንቺ ጥፋት አይደለም። ቤት ያላት ጎረቤት ድግስ ቢለመንባት ምን ታድርግ።

የ2013ቱን ሳምንት ሳላነሳ ግን አልፈርምም። ግንቦት 29፣ እሑድ፣ ሲፋን ሐሰን አንቺ ላይ ወጣች። የአዳማ ልጅ ናት፤ በ15 ዓመቷ በስደት አገርሽ ገብታ ዜጋሽ ሆናለች። 29 ደቂቃ ከ06.82 ገባች፤ ከአልማዝ ሰዓት ላይ ከአሥር ሰከንድ በላይ ቀነሰች። እዚህ ቡና ቤት ውስጥ ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ "የማን ናት?" ብሎ ክርክር ጀመረ። ክርክሩ ሳያልቅ፣ በሁለተኛው ቀን፣ ሰኔ 1፣ በኢትዮጵያ ማጣሪያ ለተሰንበት ግደይ በዚያው መም ላይ ወጣችና 29 ደቂቃ ከ01.03 ሮጠች። የሲፋን ክብረ ወሰን ዕድሜው ሁለት ቀን ሆኖ ቀረ። ደግሞ ቀኑን አስተውይ፤ ቀነኒሳ ኦስትራቫ ላይ የኃይሌን 10,000 የወሰደውም ሰኔ 1 ነበር፣ ከ17 ዓመት በፊት። ለተሰንበት ያንን ስትሮጥ የተወለደችበት ትግራይ በጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ወራት ሳይቆይ ጦርነቱ እኛም ጋ፣ ጋይንትም ደብረ ታቦርም ደረሰ። ያ ክረምት ሲወጣ ሜዳችን ላይ ኖራ አልፈሰሰም።

የለተሰንበት ሰዓት ሜክሲኮ ላይ ወንዶቹ ወርቅና ብር ከወሰዱበት ሰዓት የፈጠነ ነው። ይህን ለሴት ልጆቼ ስነግራቸው ወንዶቹ ዝም ይላሉ።

ቶኪዮ ላይ ነሐሴ 1 ሁለቱ ተገናኝተው ሲፋን ወርቅ፣ ለተሰንበት ነሐስ ወሰዱ። ስለ "የማን ናት?" ክርክሩ የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ አንቺ ሁለቱንም ዙራቸውን እኩል ቆጥረሽላቸዋል፤ እኔም ያንኑ ነው የማደርገው።

የስታዲየምሽን ባለስም ሴት ደግሞ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ፋኒ ብላንከርስ ኩን በ1940 ዓ.ም. ለንደን ኦሊምፒክ 100 ሜትር፣ 200 ሜትር፣ 80 ሜትር መሰናክልና የ4 በ100 ዱላ ቅብብል፣ አራት ወርቅ ወሰደች። 30 ዓመቷ ነበር፣ የሁለት ልጆች እናት። አርጅታለች፣ ቤቷ ቁጭ ትበል የሚሉ ነበሩ። ለእኔ ሴት ተማሪዎች ወላጆች ልነግራቸው የምፈልገው ታሪክ ይህ ነው፤ "አግብታ ትረፍ" ሲሉኝ ስሟን እጠራለሁ። ያረፈችው ጥር 1996 ነው፤ በአራተኛው ወር ቀነኒሳ በስሟ በተጠራው ስታዲየም ያንን 5,000 ሮጠ።

ኃይሌንና ቀነኒሳን ወደ አንቺ ያመጣቸው ጆስ ሄርመንስም ቢሆን ተራ ማናጀር አልነበረም። እሱም ሯጭ ነበር፤ በ1968 ዓ.ም. በአንድ ሰዓት ውስጥ 20,944 ሜትር ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ኃይሌ በ1999 ኦስትራቫ ላይ በአንድ ሰዓት 21,285 ሜትር ሲሮጥ የማናጀሩን የወጣትነት ርቀት በ341 ሜትር አለፈው። ማናጀር ይታማል ብዬሻለሁ፤ እሱ ግን ዙር ምን እንደሆነ በእግሩ የሚያውቅ ሰው ነው።

አንቺ ላይ ከተመዘገቡት፣ ከጻፍኩልሽ ክብረ ወሰኖች ዛሬ አንዳቸውም በዓለም ላይ ቆመው የሉም። የመጨረሻውን፣ የለተሰንበትን፣ ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት በ2016 ዩጂን ላይ ከ29 ደቂቃ በታች ገብታ ወሰደችው፤ እሱም በግንቦት። አትዘኝ። የምስጋናዬ ምክንያት በክብረ ወሰን መጽሐፍ ውስጥ የቀረልሽ መስመር አይደለም። እኔ የማመሰግንሽ አንድ የደጋ ልጅ ትንፋሹ ስንት እንደሚያወጣ በሰከንድ መቶኛ እየቆጠርሽ ስለነገርሽን ነው። ለአሯሯጮቹ፣ ዙር ለሚቆጥሩት፣ የመጨረሻውን ዙር ደወል ለሚደውሉት ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ስማቸው የትም አይጻፍምና።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አለችኝ፤ ከፋርጣ ገጠር ነው የምትመጣው። ሰዓቷን አሁን አልነግርሽም፣ ከፍታችን ያሳንሰዋል። ሚኒማ ካሟላችና ቪዛው ከተገኘላት ራሷ ትነግርሻለች። ከውስጠኛው መስመር እንዳትወጣ አስጠንቅቄያታለሁ።

አክባሪሽ፣
አንድ የስፖርት መምህር
ደብረ ታቦር